ለአራት ቤት የሚዞር ዲስክ፦ ከሽሮ ሜዳ እስከ ቁስቋም

ባለፈው ቅዳሜ ከሽሮ ሜዳ ተነስቼ፣ በጳውሎስ በኩል ዞሬ፣ ቁስቋም ደርሼ ተመለስኩ። «ይሄም ጉዞ ሆኖ ተጻፈ?» የሚለኝ አይጠፋም፤ ከጉለሌ እንኳ አልወጣሁም። እኔ ግን ከዚህ የረዘመ መንገድ ሄጄ አላውቅም።

የሄድኩት የጋሽ ደምሴን ኮምፒውተር ላስነሳ ነው። ጋሽ ደምሴ ቁስቋም የሚኖሩ፣ ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ መምህር ናቸው። ባለቤታቸው እትዬ ውብነሽ ካረፉ ወር አልፏል፤ ማክሰኞ አርባቸው ነው። እትዬ ውብነሽ የሰፈሩን ሰው ሁሉ ከነአያቱ የሚያውቁ፣ ወሬ ከጀመሩ የማይጠገቡ ሴት ነበሩ። በሕይወት ሳሉ ጋሽ ደምሴ የባለቤታቸውን ድምፅ ኮምፒውተሩ ላይ ሲቀዱ ከርመዋል። አሁን ለአርባው የሚሰበሰበው ዘመድ እንዲሰማው ፈለጉ። ሐሙስ ዕለት ደወሉልኝ።

«ፀዱ ልጄ፣ አፕዴት ላድርግ ወይ ሲለኝ እሺ አልኩት። መሀል ላይ ኢንተርኔቱ ጠፋ። አሁን ስከፍተው ጥቁር ነው። ውቤ እዚያ ውስጥ ናት።»

ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል፣ ሽሮ ሜዳ

ሃርድ ዲስኩን በፎጣ ጠቅልዬ ከላፕቶፔ ጋር ቦርሳዬ ውስጥ አስገባሁ። ስለዚህ ዲስክ ትንሽ ላውራ።

እኔ ኮምፒውተር የተማርኩት ፎቶ ኮፒ ቤት ተቀጥሬ ሳለሁ፣ አንዱን እየነካካሁ ሌላውን እያበላሸሁ ነው። አሁን በሰፈራችን ሊኑክስ የሚባለውን የኮምፒውተር ማስነሻ ፕሮግራም የምንጠቀም አራት ቤቶች አለን። ሊኑክስ ራሱ በነፃ ይገኛል፤ አፕዴቱ ግን በየጊዜው ይመጣል፣ የእኛ ኔትወርክ ደግሞ አንዲት ፎቶ ለማውረድ እንኳ ይለመናል። ስለዚህ እንደ ጽዋ ማኅበር አደረግነው። በየወሩ ተረኛው ብቻ ያወርዳል። የወረዱትን ፋይሎች፣ ፓኬጅ የምንላቸውን፣ ዲስኩ ላይ ይገለብጣል። ዲስኩ ከቤት ቤት ይዞራል። አራቱም ኮምፒውተሮች አንድ ዓይነት ስለሆኑ አንዴ የወረደው ለሁሉም ይበቃል።

ሕጉን ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ የወረደ ፓኬጅ አይደመሰስም። በየኮምፒውተሩ ውስጥ ፓኬጆቹ የሚጠራቀሙበት ፎልደር አለ፤ ያ ፎልደር አይነካም። የአንዱ ቢበላሽ ከሌላው ቤት ይገኛል ብዬ ነው።

ታክሲው ውስጥ ረዳቱ ቦርሳዬን ከጭኔ ላይ ሊያነሳው እጁን ዘረጋ። «እናቴ፣ ከኋላ እናድርገውና ሰው ይቀመጥበት።»

«ጭኔ ላይ ሰው ልታስቀምጥ ነው?» ስለው ታክሲው ሁሉ ሳቀ፤ ቦርሳውም እዚያው ቀረ።

ሦስት ሰዓት፣ ጳውሎስ

በሁለት ታክሲ ጳውሎስ ደረስኩ። ከሆስፒታሉ ፊት ለፊት ፔርሙስና ብርድ ልብስ የያዙ አስታማሚዎች ቆመዋል። ከእነሱ መሀል አልፌ አንዲት ጠባብ ቤት ፉል በላሁ፤ ቃሪያው እንባ ያስመጣል። ከዚያ ወደ ሰይድ ሱቅ ገባሁ። ሰይድ የጽሕፈት መሣሪያ ነጋዴ ነው፤ የማኅበራችን አባልና ደህና ኢንተርኔት ያለው ብቸኛ ሰው።

«ጽዋው ደረሰ!» አለ ገና ሲያየኝ። «ጠላ የሌለበት ማኅበር ያስገባችሁኝ እናንተ ብቻ ናችሁ።»

«አንተ ጠላ አትጠጣ፣ ምን ቸገረህ?»

«እምቢ እንድልማ መጀመሪያ ይቅረብልኝ!»

ከዚያ ዲስኩን ሲቀበለኝ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «የጋሽ ደምሴ ነው አይደል? ለቅሶ ሄጄ ዓይናቸውን ማየት አቃተኝ እኮ።»

የኔን ላፕቶፕ ከሱ ኢንተርኔት ጋር አገናኘንና ለአፕዴቱ የሚያስፈልገውን ዝርዝር አወጣን። ከመቶ በላይ ፓኬጅ ጠየቀ። ዲስኩ ላይ ካለው ጋር ስናስተያየው የጎደለው አሥራ ሰባት ብቻ ነው። ሰይድ ጠረጴዛውን መታ። «አየሽ? ሕግሽ ሠራ!»

ከአሥራ ሰባቱም ለጋሽ ደምሴ የማያስፈልጉትን ጨዋታዎች አስቀረሁ። መስመሩ ሁለት ጊዜ ተቋረጠ፤ ግን ካቆመበት እንዲቀጥል አድርጌ ስላዘዝኩት ምንም አልባከነም። አልዋሽም፣ ኮራሁ። አራት ዓመት ሙሉ የቆጠብነው ነገር ለቁም ነገር ደረሰ ብዬ፣ ከሱቁ ስወጣ እንደ ሐኪም ነበር የምራመደው።

ስድስት ሰዓት፣ ቁስቋም

ወደ ሽሮ ሜዳ ተመልሼ ሌላ ታክሲ ያዝኩ። ከወረድኩበት በላይ ዳገቱ በእግር ነው። ኮብልስቶኑ በዝናብ ተሸርሽሮ አንዳንዱ ድንጋይ ተነቅሏል፤ ነፋሱ የባሕር ዛፍ ይሸታል። ወደ ላይ በወጣሁ ቁጥር የስልኬ ኔትወርክ እየቀነሰ ሄዶ ቤተ ክርስቲያኑን ስሳለም አንዲት መስመር ብቻ ቀረችው።

የጋሽ ደምሴ ግቢ ውስጥ የለቅሶው ድንኳን የተተከለባቸው ጉድጓዶች አልተደፈኑም። እሳቸው ሻይ አፍልተው ጠበቁኝ። ሻዩ ስኳር የለውም።

«ስኳሩን የት እንደምታስቀምጠው ገና እየፈለግኩ ነው» አሉ።

ኮምፒውተሩን ከፈትኩት፤ እውነትም ጥቁር። ዲስኩን ሰክቼ፣ ኢንተርኔት ሳይጠይቅ የጀመረውን ከዚያው ላይ እንዲጨርስ አዘዝኩት። ፊደሎቹ መውረድ ጀመሩ። ጋሽ ደምሴ ወንበር አምጥተው አጠገቤ ተቀመጡ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ያ የለመዱት ሰማያዊ ገጽ ብቅ አለ።

«ተነሳ! ልጄ፣ እድሜ ይስጥሽ! በይ ውቤን ክፈቻት።»

«ውቤ» የሚል ፎልደር አለ። ከፈትኩት። ባዶ ነው።

«እሱ አይሆንም፣ ሌላ ቦታ ይሆናል» አሉ።

ኮምፒውተሩን አንድ በአንድ ፈለግሁ። የተጣሉ ፋይሎች የሚገቡበትንም ቅርጫት አየሁ። የጠፋ ፋይል የሚያወጣ ፕሮግራም ዲስኩ ላይ ስለነበረን እሱን አስነሳሁት፤ ብዙ ሠርቶ ያወጣው የፓኬጅ ቁርጥራጭ ብቻ ነው። ድምፁ የነበረበት ቦታ ላይ የኔ ፓኬጆች ተጽፈውበታል። ከዚያ ፎልደሩ የተነካበትን ቀን አየሁ። ከፋሲካ በፊት ያለው ሳምንት ነው። ያን ሳምንት እትዬ ውብነሽ ደውለውልኝ ነበር። ጋሽ ደምሴ ጡረታቸውን ሊቀበሉ ወጥተው ነበር።

ዝም ብዬ ልወጣ እችል ነበር። ተበላሸ ብል ያምኑኛል። በሩንም አይቼው ነበር። ግን እሳቸው እኔን እያዩ ነው።

«ጋሽዬ፣ እኔ ነኝ ያስጠፋሁት» አልኩ። «እትዬ ደውለው ኮምፒውተሩ ሞላሁ ይላል አሉኝ። ፓኬጁን እንዳይነኩብኝ፣ ከራስዎ ነገር ትልቁን ፈልገው ያጥፉ አልኳቸው።»

ጋሽ ደምሴ መነጽራቸውን አወለቁ። በጣታቸው ስክሪኑን አሳዩኝ። «ፓኬጁ አለ?»

«አለ።»

«አንድም አልጎደለም?»

«አንድም።»

ያን ጊዜ ለእትዬ አንዲት መስመር ትእዛዝ ብነግራቸው እኮ ፓኬጁ ጠፍቶ ቦታው ይለቀቅ ነበር። የጠፋው ፓኬጅ ደግሞ ከሰይድ ቤት፣ ከኔም ቤት ይገኛል። የእትዬ ውብነሽ ድምፅ ግን ከዚህ ቤት ሌላ የትም አልነበረም። ማልቀስ ጀመርኩ። እሳቸው አላለቀሱም። ጎረቤት የሆነ ሰው ሚስማር ሲመታ ይሰማል።

«ምን አለች?» አሉኝ በመጨረሻ።

«መቼ?»

«ስልኩ ላይ። እንደሷ አድርገሽ በይው።»

«‹ትልቁማ የኔ ወሬ ነው!› አሉ። ‹እኔው አለሁ አይደል፣ ደምሴ እንደሆነ ደግሞ ይቀዳኛል። በይ አጠፋሁት› አሉኝ። ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅኩ።»

«የሳቀችው ‹ወሬ› ስትል ነው ወይስ ከዚያ በኋላ?»

«ሲሉ።»

«አዎ። ቃሉን ሳትጨርሰው ነው የምትስቀው። ድገሚልኝ።»

ደገምኩት። ደግሞ አንዴ አስባሉኝ። በሦስተኛው «ደግሞ ይቀዳኛል» የሚለውን እሳቸው ራሳቸው አሉት፣ ቀስ ብለው።

ልሄድ ስነሳ በሩ ድረስ ሸኙኝ። «ማክሰኞ ትመጫለሽ። ይሄንን ለዘመዱ ትነግሪያለሽ።»

«ጋሽዬ፣ በምን አፌ? ያጠፋሁትን ነው እኮ የማወራው።»

«እሱንም ጨምረሽ።»

አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል፣ ቤት

ቁልቁለቱን በእግሬ ወረድኩ፤ ታክሲ ውስጥ ሰው እንዲያየኝ አልፈለግሁም። ቤት ስገባ ጫማዬን ሳላወልቅ ሰይድ ጋ ደወልኩ። ሁሉንም ነገርኩት። የዛሬን አልቀለደም።

ሕጉን ቀይረነዋል። ፓኬጅ ከተጫነ በኋላ ከየኮምፒውተሩ ይጠፋል፤ የሚዞረው ዲስክ ላይ አንድ ቅጂ ይበቃል። ዲስኩም ቢሞላ አሮጌው ፓኬጅ ይሂድ፤ ቢያስፈልግ ሰይድ ቤት ቁጭ ብለን ደግመን እናወርደዋለን። በቀርፋፋ ኢንተርኔት ለምትቸገሩ ሁሉ ዲስክ ማዞሩን ዛሬም እመክራለሁ፤ ብዙ ይቆጥባል። ግን ቦታ ጠበበ ብሎ ሰው ሲደውልላችሁ፣ የቤቱ ሰው ፎቶና ድምፅ የት እንዳለ መጀመሪያ ጠይቁ። እኔ አልጠየቅሁም። ዳግም የሚወርደውን ጠብቄ ዳግም የማይወርደውን አስጠፋሁ።

ለማክሰኞ እየተዘጋጀሁ ነው። ወሬ ሳወራ መጨመር እወዳለሁ፤ የሚያውቀኝ ሁሉ ያውቃል፣ ለአንዲት ቃል አሥር እቀጥልላታለሁ። ይሄኛው ላይ ግን አንድም እንዳልጨምር ፈርቼ፣ እትዬ ውብነሽ ያሉትን እንዳለ ወረቀት ላይ ጻፍኩት። አራት መስመር አልሞላም። «በይ አጠፋሁት» ከማለታቸው በፊት ትንሽ ቆም ብለው ነበር ልበል? እሱን ለማስታወስ እየሞከርኩ ነው።