የማይጫረው ክብሪት

በዚህ ክረምት፣ እንጅባራ ውስጥ መድኃኒት ለመውሰድ ተሰልፌ ሳለ፣ ነጭ ጋዋን የለበሰች ተማሪ ወረቀት ይዛ መጣች።

"ጋሼ፣ ስለሚወስዱት መድኃኒት ትንሽ ልጠይቅዎት? በአማርኛ ይሁን በአዊኛ?"

በአዊኛ አልኳት። ውጭ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል፣ ሰልፉ አይንቀሳቀስም፤ ከመቆም ማውራት ይሻላል ብዬ ነው። ጥቂት ጠይቃኝ አንዷ ላይ ስትደርስ ግን ደግማ እንድታነብልኝ ለመንኳት። በአማርኛ ሲመለስ፣ "መድኃኒቱን ከመዋጥ ይልቅ ከሰው ዓይን መሰወሩ ይከብደኛል" እንደማለት ነው። ይህችን ዓረፍተ ነገር አውቃታለሁ። ስትወለድ እዚያው ነበርኩ።

ያኔ ከአዲስ ቅዳም ከሰል፣ ከጥርባ በኩል ድንች እያነሣሁ ዳንግላ የማራግፍ ጎረምሳ ነበርኩ። ከገበሬው በአዊኛ ተከራክሬ እገዛለሁ፣ ለከተሜው በአማርኛ ምዬ እሸጣለሁ። የሚጥል በሽታም ነበረብኝ። አሁንም አለ፤ ኪኒኑ አስተኝቶት ነው። ከእናቴ በቀር የሚያውቅ አልነበረም፤ መድኃኒቱን የማወጣው ማንም ከማያውቀኝ ከባሕር ዳር ነበር። እኛ ዘንድ ሰው ሲወድቅ ክብሪት ይጫርና ጭሱን ያስሸትቱታል። ከተነሣ በኋላ ዋንጫው ለብቻው ይሆናል። ልጁን የሚሰጠውም አይገኝም።

ለእኔ ግን ልጅ ተሰጥቶኝ ነበር፤ የጡረተኛው የመምህር ይስማው ልጅ፣ እናትነሽ። ሠርጉ ከፋሲካ በኋላ ተቆርጧል። መምህሩ ዘሬን እስከ ሰባት ቤት አስቆጥረው፣ ዝምድናም በሽታም የለበትም ብለው ተቀብለውኛል። የሞቱትን ሁሉ አንድ በአንድ መርምረው በሕይወት ያለሁትን ረሱኝ።

በዚያው ሰሞን አንድ ዶክተር ለጥናት ዳንግላ ጤና ጣቢያ መጣ። ሕመምተኞች ስለ መድኃኒታቸው ምን እንደሚያስቡ የሚጠይቅ መጠይቅ ይዟል፤ ወደ አዊኛ ሊያስመልሰው ነው። መምህር ይስማው አዋቂ ናቸውና ተጠሩ። እሳቸው ደግሞ፣ "የገበያውን አዊኛ የሚያውቅልኝ አማቼ አለ" ብለው እኔን አስጠሩኝ። አማቼ ሲሉኝ ደረቴ ተነፋ። አንዲት ነርስም ነበረች፣ ተጫዋች። ጠረጴዛው ላይ የተቀቀለ ድንች ከነዳጣው ቀርቧል። በመስኮት የሚገባው ጉም ድንቹን ሳንጨርሰው ያቀዘቅዘዋል።

ዶክተሩ መጠይቁ መጀመሪያ የሚቀርበው የሚጥል በሽታ ላለባቸው ነው ሲል መምህሩ ሳቁ።

"ለነሱ ምን መጠይቅ ያሻል ዶክተር? ክብሪት ይበቃቸዋል!"

ሁሉም ሳቀ። ከሁሉ አብልጬ የሳቅሁት እኔ ነኝ።

ከዚያ ጥያቄዎቹን ሕመምተኛ ዘንድ ከመውሰዳችን በፊት እርስ በርስ እንድንሞክራቸው ዶክተሩ አዘዘ፤ አንዱ ያነባል፣ ሌላው ሕመምተኛ ሆኖ ይመልሳል። አንባቢው መምህሩ፣ ሕመምተኛው እኔ።

"አዳሙ ነጋዴ ነው፣ ያልያዘውንም ይሸጥልናል" አለች ነርሷ።

መምህሩ አነበቡ፦ "መድኃኒት መውሰድ ይከብድሃል?"

እውነቱን በጨዋታ አስመስዬ መናገር በሕይወቴ ያገኘሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ጣፈጠኝ።

"መዋጡስ አይከብድም፣ ከሰው ዓይን መሰወሩ ነው እንጂ። ከሰል ጫኞቹ ከእንቅልፍ ሳይነሡ እውጣለሁ። የኪኒኑ ላስቲክ ኪስ ውስጥ ይንኮሻኮሻል፤ ስለዚህ ክብሪት ቀፎ ውስጥ አደርገዋለሁ። ቢንኳኳም ክብሪት ይመስላል።"

ዶክተሩ ብድግ አለ። "ይኼ ነው! እንዲህ ያለ መልስ ነው የምፈልገው!"

መምህር ይስማው ግን ኮቴን ያዩ ነበር። ከጥቂት ቀናት በፊት ቤታቸው ተቀምጠን መብራት ሲጠፋ ክብሪት ጠይቀውኝ፣ ኪሴን የወጠረውን ቀፎ ዳብሼ፣ ባዶ ነው ብያቸው ነበር። ተነሥቼም ጎረቤት ሄጄ ክብሪት አምጥቻለሁ።

"እስቲ ክብሪት ስጠኝ" አሉኝ ቀስ ብለው።

"ባዶ ነው፣ መምህር።"

"ያን ማታ ስትነሣ ይንኳኳ ነበር። ባዶ ይንኳኳል እንዴ፣ ልጄ?"

ነርሷ ጨዋታ መስሏት ሳቀች። እሳቸው ብዕራቸውን አነሡና መልሴን ከአፌ እንደወጣ ጻፉት። "ጥሩ መለስክ" አሉኝ። ከዚያ እስከ ማምሻው ድረስ ያቺን ዓረፍተ ነገር መጠይቁ ውስጥ እንድትገባ እየደጋገሙ፣ እየቆረጡ፣ እየሞረዱ አሳመሯት። አንድ ቃል ሲጠፋቸው እንኳ ዞር ብለው ይጠይቁኛል። ድንቹን ግን ከፊቴ ካለው ሳህን አልነኩም።

በሳምንቱ እሳቸው የላኩት ሽማግሌ ቤታችን መጣ። ዘሩ እንደገና ተቆጥሮ፣ ሰባተኛው ቤት ላይ ከእናትነሽ ጋር ተዛምደን ተገኘን። ወንድምና እህት ሆንን። የሚያዝን አዘነ፣ ማንም አልጠረጠረም።

መምህሩን ገበያ ላይ አገኘኋቸው።

"ሸፍኜሃለሁ" አሉኝ። "እግዜር ይስጥልኝ አትለኝም?"

"እግዜር ይስጥልኝ" አልኳቸው። ምን እላለሁ? እውነትም ሸፍነውኛል። ቢናገሩ ከሰልም ድንችም የሚገዛኝ አልነበረም።

በዓመቱ እናትነሽ ለሌላ ተዳረች። ወንድም ከሠርግ አይቀርምና ተጠራሁ። ሙሽራው ሲመጣ የሙሽሪት ወንድሞች በር ላይ ቆመው አናስገባም ይላሉ፤ እኔን ከፊት አቆሙኝ። ሌሎቹ እየጨፈሩ ይገፋሉ፣ እኔ መቃኑን ጨብጬ ቀረሁ። ጭፈራው አልቆ እንኳ እጄ አልላቀቅ አለ።

መምህር ይስማው ከኋላዬ ትከሻዬን ነካ አደረጉኝ። "በል እንግዲህ ልጄ፣ ልቀቅላቸው።"

ለቀቅሁ።

ተማሪዋ አሁን ብዕሯን ደግና ትጠብቀኛለች። "ይስማማሉ ጋሼ ወይስ አይስማሙም?" ከኋላዬ ድንች የምሸጥለት ሰውዬ ተሰልፏል፤ ለራስ ምታት ነው የመጣሁት ብዬዋለሁ።

"ፈጽሞ አልስማማም" አልኩ፣ እሱም እንዲሰማ አድርጌ።

ምልክት አደረገች። "ይገርማል፤ እዚች ላይ ሰው ሁሉ እስማማለሁ ነው የሚለኝ። የጻፋት ሰው ታሞ የሚያውቅ ይመስለኛል።"

"የለም" አልኳት፣ "ጤነኛ ነው የጻፋት።"

ኪኒኔን ተቀብዬ ወጣሁ። ዝናቡ ገና አላባራም። ባጃጅ ውስጥ ገብቼ መጋረጃው እስኪወርድ ጠበቅሁና፣ ኪኒኖቹን አንድ በአንድ ወደ ክብሪት ቀፎው ገለበጥኳቸው። ሾፌሩ ድምፁን ሰምቶ ዞር አለ።

"ጋሼ፣ ክብሪት ይኖርዎታል?"

"ባዶ ነው" አልኩት።