ተሻገር ዝግታውን የመረጠ ዕለት

ንፋስ መውጫ ውስጥ ሬዲዮ የተበላሸበት ሁሉ የሚመጣው ወደ ባለቤቴ ወደ ተሻገር ነው። እጁ ወርቅ ነው፤ ችክ ካለ ግን አይጣል ነው! በ1973 ዓ.ም. አባቱ መሪጌታ ወልደ ጊዮርጊስ ዜማ በሚያስተምሩበት በቤተ ልሔም ደብር ታመው ተኙ። ከእሳቸው በቀር ማንም አሟልቶ የማያውቀው አንድ ዜማ ነበራቸው፤ ለተማሪ ሳያወርዱት ሊሄዱ ሆነ። ተሻገር ቴፑን ተሸክሞ ሄደ፤ እኔም ተከተልኩት።

የነበረን የመቅጃ ክር አንድ ብቻ ነው። ቴፑ ሁለት ፍጥነት አለው። በፈጣኑ ድምፁ ጥርት ይላል፣ ክሩ ግን በግማሽ ሰዓት ያልቃል፤ በዝግታው ድምፁ ትንሽ ይደፈናል እንጂ ሰዓት ሙሉ ይሄዳል። የባትሪ ድንጋዩ አሮጌ ነው፣ ሰዓት ሙሉ አይዘልቅም፣ ግማሹን እንኳ በፈጣኑ አጥርተህ ያዝ ብዬ ለመንኩት። ሰው መች ይሰማና! ዝግታውን መረጠ።

አማቼ ትራስ ተደግፈው ጀመሩ። እኩሌታው ላይ ሲደርሱ ድንጋዩ ደክሞ ክሩን የሚያዞረው መዘውር ይጎተት ጀመር። ተሻገር አየው፤ እኔም አየሁት። ግን ዜማ የያዘን መምህር ማን ያቋርጣል? እዚያ አገር ተማሪ ሊያስነጥሰው ሲል እንኳ አፉን ይይዛል። እስኪጨርሱ ቀዳን። በሦስተኛው ቀን አረፉ።

ለአርባቸው ተማሪዎቻቸው ዜማውን ሊይዙ ተሰበሰቡ። የአማቼ ታላቅ እህት እማሆይ ካሣነሽም መጡ። ተሻገር አዲስ ድንጋይ አስገብቶ ከፈተው። መጀመሪያ የአማቼ ድምፅ መጣና አለቀስን። ከዚያ ድምፁ ቀስ እያለ ቀጠነ፣ ፈጠነ፤ ሰውዬው ወጣት ሆኑ። ተሻገር፣ መዘውሩ እየተጎተተ ስለቀዳ ነው፣ አሁን በደህናው ሲዞር ይፈጥናል ብሎ ሊያስረዳ ሞከረ፤ ማን ይስማው።

እማሆይ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ወንድሜ ያገባ ጊዜ ድምፁ እንዲህ ነበር አሉ። ቆየት ብለው ደግሞ፣ ይሄ ለትምህርት ከቤት የወጣ ጊዜ ነው አሉ። ቃሉ ተምታታ፤ ተማሪዎቹ ምንም መያዝ አቃታቸው። በመጨረሻ የሕፃን ልቅሶ የመሰለ ነገር ብቻ ቀረ።

“ዝጋው ልጄ” አሉ እማሆይ። “ከዚህ ወዲያ ያለው የእናታችን ሆድ ነው።”

በማግስቱ ተሻገር መዘውሩን በጣቱ እየያዘ ሊያዘገየው ሞከረ። የሽማግሌ ድምፅ መጣ፤ የአባቱ ግን አልነበረም። እንደዚያ ዕለት አንጀቴን የበላኝ ቀን የለም።

“ማሬ፣ አባዬን አጠፋኋቸው” አለኝ።

ያን ዜማ ዛሬ የሚያውቀው የለም።