ለአባቴ ያነበብኩት መልእክት

አባቴ ዳዊት የሚደግሙ ሰው ናቸው፤ የስልክ ፊደል ግን ዓይናቸው አይይዝላቸውም። ስለዚህ የሚደርሳቸውን መልእክት ሁሉ የማነብላቸው እኔ ነበርኩ። የራሴን የጋብቻ ጥያቄ ያነበብኩላቸውም እኔው ነኝ። ጉድ እኮ ነው!

የላኩት የልጁ አባት ናቸው። ልጁን የተዋወቅሁት ዓለም ከተማ ሳስተምር ነው። ተዋደናል፤ የቀረን የአባቴ እሺታ ብቻ ነበር። «ልጅዎን ለልጃችን እንዲሰጡን በትሕትና እንጠይቃለን» ይላል። በኀፍረት ቀልቼ አነበብኩት።

«ይሄ ምንድን ነው?» አሉ አባቴ።

«መልእክት ነዋ፣ አባዬ።»

«ኤዲያ! መልእክት ከየት የመጣ ቃል እንደሆነ ታውቂያለሽ? ግዕዙ ለአከ ይላል፤ ላከ ማለት ነው። ልኡክም ከዚያው ነው፣ መልአክም ከዚያው ነው። ተልኮ የሚመጣ ከሌለ ምኑን መልእክት ሆነ? መንዝ ውስጥ ልጅ የሚጠየቀው በሽማግሌ ነው። በዚህ ከሆነ አልሰጥም!»

ተናደድኩ። ገብርኤልም ስልክ ቢኖረው ይደውል ነበር ልላቸው ቃጣኝና ምላሴን ነከስኩ። ወጥቼ ለልጁ ደወልኩ። «ሽማግሌ ካልመጣ አለቀልን» አልኩት። «አባቴን አሟቸዋል፤ ቢሆንም እነግራቸዋለሁ» አለኝ።

አንድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ሦስት ሽማግሌዎች ደጃችን ቆሙ። አባቴ «ግቡ፣ አረፍ በሉ» ቢሏቸው «ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» አሉ፤ ወጉ ነው። አባቴም በወጉ «ከዘመድ ልማከርና ሌላ ቀን ኑ» ማለት አለባቸው። በመጀመሪያው ቀን እሺ ያለ አባት ልጁን አረከሰ ይባላል። ይህን ሁሉ እያወቅሁም ጓዳ ሆኜ በበሩ ስንጥቅ እያየሁ «ምናለ ዛሬውኑ እሺ ቢሉ» እላለሁ። ሌላ ቀንማ ስንት ነገር ይመጣል!

መካከል የቆሙት ሽማግሌ ከዘራቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ይንቀጠቀጣሉ። ብርዱ መስሎኝ ነበር።

«እኚህ የልጁ አባት ናቸው» አሉ አንደኛው። «በስልክ የጻፉት መንገዱን አልችለውም ብለው ነው። ቅር መሰኘትዎን ሲሰሙ ግን ሌላ ሰው አልክም ብለው ከአልጋ ተነሡ። ያን ሁሉ ኮረኮንች በአውቶቡስ መጡ።»

አባቴ የለበሱትን ባና ከትከሻቸው አውርደው ለሰውየው ደረቡላቸው፤ ክንዳቸውን ደግፈው አስገቡና መደቡ ላይ አስቀመጧቸው።

«ኧረ ጌታዬ፣ ገና ጉዳዬን አልተናገርኩም» አሉ ሰውየው።

«መልእክትዎ ደርሶኛል» አሉ አባቴ። «ሰጥቻለሁ።»