ከደብሬ በርሜል ላይ ያጠፋሁት ሥዕል

ይህን ለነፍስ አባቴ እንኳ ተናግሬ አላውቅም። ለአንተ የምነግርህም ስለወደድኩህ አይደለም፤ ስለማታውቀኝ ነው።

አምባ ጊዮርጊስ፣ የእርሻ መድኃኒት መጋዘን ቁልፍ ያዥ ነበርኩ። በእኛ ዘንድ የተባይ መርዝ ሁሉ መድኃኒት ነው የሚባለው። ጊዜው ያለፈበት መርዝ ከየበርሜሉ እየፈሰሰ መሬቱን ስላበላሸው፣ መጋዘኑ ተጠርጎ ሊዘጋ ነው ተባለ።

ይህን ሰምታ የባሌ እህት ደብሬ መጣች። ደብሬ በባሌ ተዝካር ላይ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «የወንድሜን ዘር ያስቀረች ደረቅ» ያለችኝ ናት። ያን ቀን ግን እቴ አለችኝ።

«እቴ፣ አንዱን ባዶ በርሜል ስጭኝ። አንቺ እንደሁ ልጅ የለሽ፣ ለማን ትሰስቻለሽ?»

«መድኃኒት ነበረበት» አልኳት።

«መድኃኒትማ ሸጋ ነው! ገብሴን ነቀዝ አይደፍርብኝም።»

አልዋሸሁም፣ አይደል? ሲከፋኝ ለራሴ የምለው ይህንኑ ነው። ግን «ነገ ነይ» ብዬ ሰደድኳትና በርሜሉ ላይ ያለውን የመርዝ ምልክት፣ የራስ ቅል ሥዕሉን፣ በአሸዋ ፈግፍጌ አጠፋሁት። ደብሬ ፊደል አትቆጥርም፤ ያን ሥዕል ግን ታውቀዋለች። እኔ ነኝ ያጠፋሁት። ማንም አላዘዘኝም። በማግስቱ መጥታ በርሜሉን ወሰደች።

ከዚያ ነጭ ቱታና ጭንብል የለበሱ ሰዎች መጡ። መርዙን አሽገው ጫኑ፤ አፈሩን ሳይቀር ዝቀው ወሰዱ፤ ወለሉን በሲሚንቶ ደፍነው ዙሪያውን አጠሩ። አለቃቸው «እማማ፣ ከዚህ የወጣ በርሜል አለ?» ሲለኝ «የለም» አልኩ። ጸዳ ተባለ።

ደብሬ ገብሱን ስትበላ ከርማ እጇ ይንቀጠቀጥ፣ ያስመልሳት ጀመር። ዓይነ ጥላ ነው ብለው ጠበል ሲወስዷት ማን አስታመማት? እኔ። ስንቋ ከዚያው በርሜል ገብስ የተፈጨ በሶ ነበር። በጥብጬ አጠጣኋት። እጇ አልጨብጥ ሲላት ጣሳውን የያዝኩላት እኔ ነኝ። «እግዜር ይስጥሽ» ስትለኝ «አሜን» አልኩ።

በቀደም፣ ዛሪማ ያገባች ልጇ በርሜሉን ልትወስደው ነው ሲሉ ሰማሁ። ልጅቷ ምን በደለችኝ? ሄጄ ገብሱን ሽንት ቤት ደፋሁት፤ በርሜሉንም በመጥረቢያ ሸነቆርኩት። ደብሬ ከመደቧ ላይ ሆና ጮኸች።

«ኧረ ጎረቤት ድረሱልኝ! ምነው አንቺ ምቀኛ፣ ደግሞ በልጄ መጣሽ?»

«ምቀኛ ነኝ» አልኳት። ምቀኛ መባል ለእኔ ምን አላት፤ ሥዕሉን አጠፋሁ ከማለት ይቀላል።

አሁን ደብሬ ጎንደር ሐኪም ቤት ተኝታለች። ሐኪሙ ምን እንደበላች ደጋግሞ ይጠይቃል፤ ልጇ ገብስ ብቻ ነው ትለዋለች። እኔ ትናንትም በሩ ላይ ተቀምጬ ዋልኩ። ይቅር በይኝ ስላት ለማየት አትጠብቅ። ተነሥቼ ገብቼ ለሐኪሙ መርዝ ነው ካላልኩት፣ የእኔ ይቅርታ ምን ይረባታል?