የእትዬ አስካለ ዳንቴል

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለሚስቴ አልነገርኳትም። ለንስሐ አባቴም ሌላ ሌላውን ኃጢአቴን ስዘረዝር ይህን ዘልዬዋለሁ፤ እሳቸው ኮምፒውተር አያውቁም፣ ማስረዳቱ ይረዝማል እያልኩ ራሴን አታለልኩ። እርስዎ አንባቢዬ ታግሠው ይስሙኝ። ማስረዳቱ ያን ያህል አይረዝምም።

ዘመኑ የደርግ ማብቂያ ገደማ ነው። ቦሌ መንገድ ላይ በነበረ አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት እሠራ ነበር። በእርዳታ አንድ ኮምፒውተር መጣልን፤ ውጭ አገር አጭር ኮርስ ወስጄ ስለነበር የማሽኑ ሐኪም እኔ ሆንኩ። ከኔ በቀር ክዳኑን የሚነካ ሰው አልነበረም። ኩራቴን ያየ ሰው ማሽኑን የፈለሰፍኩት እኔ ይመስለው ነበር።

የሚጽፉበት እትዬ አስካለ ነበሩ። ሾላ ገበያ አጠገብ ይኖራሉ፤ ባላቸው ሞተውባቸው ሁለት ልጆች ብቻቸውን ያሳድጋሉ። ያን ማሽን ወደዱት። ቤት ውስጥ ሬዲዮ ዳንቴል እንደሚለብስ ሁሉ ለኮምፒውተሩም በኪሮሽ ነጭ ዳንቴል ሠርተው አለበሱት። "አቧራ እንዳይገባበት ብዬ ነው፤ ደግሞም ያምርበታል" አሉኝ። እኔም ሳቅሁና "እውነትም ያምርበታል" አልኳቸው።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ክዳኑን ከፍቼ ውስጡን አጸዳሁ። መልሼ ስዘጋው አንድ ብሎን ጎደለኝ። መሬት ላይ ፈለግሁ፣ የለም። መውጫ ሰዓት ደርሶ ነበርና በቀሩት ብሎኖች አጥብቄ ወደ ቤቴ ሄድኩ። በማግሥቱ ጠዋት እትዬ አስካለ ማብሪያውን ሲጫኑት ማሽኑ ድምፅ እንኳ አላሰማም።

ለበላይ አካል ሪፖርት የሚጻፍበት ሳምንት ስለነበር ኃላፊያችን ራሳቸው ከቢሯቸው ወረዱ። "ጓድ፣ ምርመራህን ቶሎ ጨርስ" አሉኝ።

መረመርኩ። ለማሽኑ ኤሌክትሪክ የሚመግበውን ሳጥን፣ ፓወር ሰፕላዩን፣ ነቅዬ አወጣሁ። ብቻውን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ ሶኬት ላይ ሰካሁት። ማራገቢያው አልዞረም። የኤሌክትሪክ መለኪያው ቴስተርም ዜሮ አለ። "ሞቷል" አልኩ። የተቃጠለ ነገር ይሸታል፤ ይህ አልሸተተም። እንዴት አላሰብኩበትም? ቆም ብዬ ባስብ የሚያውቅ ሰው የማልመስል መሰለኝ።

"ምን ገደለው?" አሉ ኃላፊው።

ክፍሉ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ እኔን ያያል። አላውቅም ማለት ለምን እንዲያ ከበደኝ? ዓይኔ ወንበር ላይ የተጣጠፈው ዳንቴል ላይ አረፈ። "አየር አጥቶ ነው የተቃጠለው። ያ ነገር ሸፍኖት" አልኩ። የማሽኑ መተንፈሻ ከኋላው ነው፤ ዳንቴሉ የሚሸፍነው ላዩን ብቻ ነበር። ዳንቴል ደግሞ ራሱ ቀዳዳ በቀዳዳ ነው። ይህን ሁሉ እኔ አውቅ ነበር።

ኃላፊው ዳንቴሉን በሁለት ጣታቸው አንሥተው "ይህ ቸልተኝነት ነው ወይስ አሻጥር?" አሉ። በዚያ ዘመን አሻጥር የምትባለው ቃል አንዴ ከአፍ ከወጣች ሰው ሳትይዝ አትመለስም። እትዬ አስካለን ለምርመራ ወሰዷቸው። እኔ ማሽኑ ላይ ያደረግሁትም ምርመራ ይባላል፣ እሳቸው የገቡበትም ምርመራ ይባላል። ወደዚያኛው የላካቸው የኔው ነው።

እሳቸው እንደታሰሩ፣ ከማሽኑ የሚተርፍ ዕቃ ካለ ብዬ ዲስኬት የሚያነበውን ክፍል አወጣሁ። ይሠራ እንደሆን ልሞክር ያንኑ የሞተ ሳጥን ሰካሁበት፤ ሌላ ሳጥን አልነበረኝም። ማራገቢያው መዞር ጀመረ። እንዲህ ያለ ሳጥን የሚመግበው ዕቃ ካልሰኩበት ባዶውን አይነሣም። ኮርሱ ላይ ተነግሮኝ ነበር፣ ረስቼዋለሁ። ሳጥኑ ደህና ከሆነ ታዲያ ማሽኑን ምን አቆመው? የማሽኑን ዋና ሰሌዳ አንሥቼ ከሥሩ አየሁ። የጠፋችብኝ ብሎን እዚያ ተጋድማለች። መነካካት የሌለበትን መስመር አነካክታ ሳጥኑ ራሱን ለማዳን አልነሣም ብሎ ነበር እንጂ የሞተ ነገር አልነበረም።

የኃላፊው ቢሮ ከኔ ክፍል በላይ ነበር። ወጥቼ "ጥፋቱ የኔ ነው" ማለት እችል ነበር። እኔ ምን አደረግሁ? ብሎኗን ኪሴ ከተትኩ። ማሽኑን ገጣጥሜ አስነሣሁና "ጠገንኩት" አልኩ። በስብሰባ ላይ ተጨበጨበልኝ። አሻጥር የምትባለው ቃል ወደኔ እንዳትዞር ፈርቼ ነበር፤ ፍርሃቴ ውሸት አልነበረም። እሳቸውም ግን ይፈሩ ነበር፣ ያውም እዚያው ውስጥ ሆነው። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይባላል። እዚህ ላይ ጥፋተኛው አህያ እኔ ነኝ፤ የተመታው ዳውላ እሳቸው ናቸው።

እትዬ አስካለ ተፈቱ፤ ወደ ሥራቸው ግን አልተመለሱም።

ከዓመት በላይ ቆይቶ ሾላ ገበያ ሽንኩርት ስገዛ ከኋላዬ "አንተ ልጅ" የሚል ድምፅ ሰማሁ። እትዬ አስካለ መሬት ላይ በርበሬ ዘርግተው ይሸጣሉ። ትልቋ ልጃቸው ትምህርቷን ትታ አጠገባቸው ትሰፍራለች። እግሬ ሊሸሽ ነበር። እሳቸው ግን ተነሥተው ጉንጬን ሳሙኝ፣ ጤናዬን ጠየቁኝ፣ ስለ እስሩ አንድ ቃል አላነሡም። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

"ለመሆኑ ያ ማሽን እንዴት ሆነ? እኔ እኮ ነኝ የገደልኩት። ከዚያ ወዲህ ኪሮሽ በእጄ አልነካሁም።"

"እርስዎ አልገደሉትም" ማለት ነበረብኝ። ሁለት ቃል ነው። እኔ ግን "ድኗል እትዬ፤ ጠግኜዋለሁ" አልኳቸው።

ፊታቸው በራ። "ተመስገን" አሉ። "ስጨነቅበት ነው የኖርኩት። እጅህ ይባረክ፣ ልጄ።"

"አሜን" አልኩ። ሽንኩርቴን ይዤ ሄድኩ።

አንባቢዬ፣ እርስዎን ይቅር ይበሉኝ አልልም፤ የበደልኩት እርስዎን አይደለም። ብሎን ከማንም እጅ ይወድቃል። ቢሮ ውስጥ ዝም ስላልኩትም ዘመኑን ማማት እችል ይሆናል። ገበያው መሀል ግን ያስፈራራኝ አልነበረም፣ የሚመረምረኝም አልነበረም። አሜን ያልኩት በገዛ አፌ ነው።