የብረቱ ሰው ጩኸት

ባለፈው ቅዳሜ ልጄ ሰላም የድሮ ኮምፒውተሬን ሃርድ ዲስክ ከመሳቢያ አውጥታ ከራሷ ላፕቶፕ ጋር አገናኘችው። "አባዬ፣ ይኼ ሁሉ ጩኸት ያንተ ነው?" አለችኝ። ለካ በሃያ አንድ ዓመቴ ብቻዬን የሠራሁትን አልበም አግኝታለች። አፈርኩም፣ ደስም አለኝ።

ሜታል የሚባለው ጩኸታም ሮክ ነበር፤ ያውም በኮምፒውተር ድምፆች የታጀበ፣ ሳይበር ሜታል የሚሉት ዓይነት። ታሪኩ ከሺህ ዓመት በኋላ ልደታ ውስጥ ስለሚኖር አንድ የብረት ሰው ነው። የሠራው ሽማግሌ ይሞትበታል፤ እሱ ደግሞ ማልቀስ አልተሠራለትም። ከበሮው የኮምፒውተር፣ ጊታሩም ድምፁም የእኔ። ዜማዎቹን ግን የቀዳሁት ከአንቺሆዬ ቅኝት ነበር፤ የቱንም ያህል ብጮህ ያው የልደታ ልጅ ነኝ።

ያኔ ሰፈራችን ገና አልፈረሰም። አሁን ኮንዶሚኒየሙ የቆመበት ቦታ ላይ የቀበሌ ቤቶች ተደጋግፈው ይኖሩ ነበር፤ ጎረቤት ሲያስነጥስ "ይማርህ" የምንለው ከአልጋችን ሳንነሳ ነው። ከግድግዳዬ ማዶ ሬዲዮ ጠጋኙ ጋሽ ታደሰና ባለቤታቸው እትዬ ዘነበች ነበሩ። ጋሽ ታደሰ የጊታሬን የኤሌክትሪክ ገመድ ይበይዱልኛል፤ ዘፈኖቼን ሁሉ ቁጭ ብለው ያዳመጡልኝም እሳቸው ብቻ ናቸው። አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ይሰሙና "ወፍጮ ቤት ይመስላል፤ ግን ዜማ አለው" ይሉኝ ነበር።

በጥቅምት ጋሽ ታደሰ በድንገት አረፉ። ግቢያችን ውስጥ ድንኳን ተተከለ፣ ንፍሮ ተቀቀለ፣ ሬዲዮ የሚከፍት ሰው ጠፋ። ቀብሩ ላይ እንባ እምቢ አለኝ። ሰው ሁሉ ሲያለቅስ እኔ ጫማዬን አያለሁ። እንደ አባት የነበሩ ሰው ናቸውና በራሴ ተናደድኩ።

ሌላም ጣጣ ነበረብኝ። የተዋስኩትን ማይክሮፎን ጓደኛዬ በማግስቱ ለሠርግ ሥራ ይፈልገዋል፤ ከሄደ መቼ እንደሚመለስ እንጃ። ከአልበሙ የቀረኝ ደግሞ የመጨረሻው ዘፈን ጩኸት ብቻ ነበር። ሠልስት እስኪወጣ መታገሥ አቃተኝና ብልጠት መጣልኝ፤ ሙዚቃውን በጆሮ ማዳመጫ ብሰማ ማን ያውቅብኛል? በሩን ዘጋሁ። ሁሉን አስቤ የረሳሁት የራሴን አፍ ነበር።

ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ዓይኔን ጨፍኜ ባለ በሌለ ኃይሌ ጮህኩ። ከዚያ ጊታሩ ብቻውን የሚሄድበት ቦታ ስለመጣ ዝም ብዬ አደመጥኩ። ዓይኔን ስገልጥ በሩ ተከፍቷል። እትዬ ዘነበች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ቆመዋል፤ ከኋላቸው የእድሩ ዳኛና የድንኳኑ ግማሽ ሰው።

በለቅሶ መሐል የዘፈነ ተብዬ መዋረዴ ነው ብዬ ማዳመጫውን ከጆሮዬ አወለቅኩ። እትዬ ዘነበች ግን ቀርበው ደረታቸው ላይ አስጠጉኝ።

"አልቅስ ልጄ፣ ይውጣልህ" አሉኝ።

እምቢ ብሎኝ የቆየው እንባ ያኔ መጣ። የእውነቴን አለቀስኩ። ሰዉም ከንፈሩን እየመጠጠ ወደ ድንኳኑ ተመለሰ።

ከዚያ ወዲህ እትዬ ዘነበች በሰው ፊት "እንደሱ ያለቀሰለት የለም" ባሉ ቁጥር አንገቴን እደፋ ነበር። ስንት ጊዜ እውነቱን ልነግራቸው ተነሣሁ፤ ሐዘንተኛ አታልያለሁ ማለት ግን ከበደኝ። ሰፈሩ ሲፈርስም፣ ኮንዶሚኒየም ገብተው ሄጄ ስጠይቃቸውም አልነገርኳቸውም። ካረፉ ሁለት ዓመት ሆናቸው። የዘፈኑን መጨረሻ ያኔ በለቅሶው ሰሞን ሳላዳምጥ ቆርጬ፣ አልበሙን ሃያ ሲዲ ላይ አባዝቼ ለጓደኞቼ አደልኩ። አብዛኞቹ ራስ ምታት አተረፉ።

ሰላም ያገኘችው ግን ያልተቆረጠውን ነው። እኔ ጆሮዬን ደፍኜ ያልሰማሁትን ማይክሮፎኑ ሰምቶት ኖሯል። ጩኸቴ ያበቃል። ትንሽ ቆይቶ ከበሩ ውጭ የእድሩ ዳኛ ድምፅ ይመጣል።

"ይኼ ልጅ እኮ እየዘፈነ ነው።"

"አውቃለሁ" ይላሉ እትዬ ዘነበች ቀስ ብለው። "ታደሰም ይሰማለት ነበር። ለሰዉ ግን እያለቀሰ ነው በሉልኝ።"

ቀጥሎ በሩ ሲከፈት ይሰማል።

"ማናቸው አባዬ?" አለች ሰላም። ጎረቤታችን ናቸው አልኳት። ይህን ሁሉ ዘመን ምስጢር የደበቅኩት እኔ መስሎኝ ነበር፤ ለካ የእኔን ምስጢር ይዘውልኝ የኖሩት እሳቸው ናቸው።

ሰላም አልበሙን ኢንተርኔት ላይ እንጫነው ትላለች። እሺ ብያለሁ። በዚህኛው ላይ ግን ከመጨረሻው ምንም አይቆረጥም።