የአዴ ዳርሚ ወተት

በነገሌ ገበያ ወተት ሻጮቹ በተደረደሩበት በኩል ሳልፍ፣ በወይራ ጢስ የታጠነ የወተት ዕቃ ሽታ ድንገት ይመጣብኝና አባቴ ትዝ ይለኛል፣ ወዲያውም እናደዳለሁ። ሰው አባቱ ትዝ ሲለው ይናደዳል እንዴ? እኔ ግን እናደዳለሁ።

አባዬ ከሰሜን ተመድቦ የመጣ አስተማሪ ነበር። እማዬን አግብቶ ያመጣት ገና ልጅ ሳለች፣ ዘመድ ወደሌላት፣ ቋንቋውን ወደማታውቀው አገር ነበርና፣ ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት እንዲሉ፣ ያገኘችው ሰው አዴ ዳርሚን ብቻ ነበር። አዴ ዳርሚ (አዴ ወይዘሮ እንደ ማለት ነው) ከአጥራችን ማዶ የምትኖር የጉጂ ሴት ነበረች፤ እኔንም ታናሽ ወንድሜንም ስትወልድ ይዛ ያዋለደቻት እሷ ናት። ከሰዓት በኋላ አጥሩን ተደግፈው፣ ኦሮምኛውን ከአማርኛው እየቀላቀሉ ሲያወሩ ይቆዩ ነበር፤ እንደዚያ የሚያስቃቸው ምን እንደሆነ ለእኛ አይገባንም ነበር።

በዝናብ ወራት ላሞቿ ሲታለቡ፣ ጠዋት ጠዋት «ናጋ! ኢጆሌ እንዴት አደሩ?» እያለች ወተት ይዛ ብቅ ትል ነበር፤ ኢጆሌ ማለት ልጆች ነው፣ ልጆቹም እኛ ነን። ሁዳዴ ሲገባ ደግሞ ዕቃውን በትንሽ ቀይራ፣ ለማይጾመው ለታናሽ ወንድሜ ብቻ የሚበቃ ታመጣ ነበር። ጾማችንን ከእኔ ይልቅ እሷ ታውቀው ነበር።

አባዬ ግን የሰበካ ጉባኤ አባል ከሆነ ወዲህ ባሰበት። የፍስክ ነገር በሁዳዴ ቤቴ አይገባም አለ። የነፍስ አባታችን እንኳ «ኧረ መምህር፣ ሕፃን አይጾምም፤ ቤተ ክርስቲያንም አላዘዘችም» ቢሉት፣ እሺ ብሎ ሸኝቷቸው ሲያበቃ የራሱን አደረገ። ከቄሱ የባሰ ቄስ!

ያን ዓመት ዝናቡ ቀርቶ፣ ከብቱ በየመንገዱ ወድቆ፣ ከሜጋ የሚመጣ መንገደኛ ሁሉ የሚያወራው ስለ ሬሳው ሽታ ነበር። ለአዴ ዳርሚም አንዲት ላም ብቻ ቀርታላት ነበር። ወንድሜ ከኩፍኝ ገና ተነስቶ አጥንቱ ይቆጠር ስለነበር፣ ከዚያች ላም የምታገኘውን ጥቂት ወተት ከራሷ ልጆች ቀንሳ ለእሱ ታመጣለት፣ እማዬም አባዬ ሳይመጣ ታጠጣው ነበር።

በሁዳዴ አንድ ዓርብ አባዬ ከቤተ ክርስቲያን ቶሎ ተመለሰ። አዴ ዳርሚ ገና ከበራችን አልራቀችም፣ ወተቱም በእማዬ እጅ ነበር። ዕቃውን ተቀበላትና ደጃፉ ላይ ደፋው። በዚያ ድርቅ! ወንድሜ እሪ ብሎ አለቀሰ።

አዴ ዳርሚ አልጮኸችም። ተመልሳ መጥታ፣ «ጋሼ፣ ጾሙ የእናንተ ነው፤ ልጁ ግን የኔም ነው» አለችና ባዶ ዕቃዋን ተቀብላው ሄደች። እማዬ ልትከተላት አንድ እርምጃ ሄዳ፣ አባዬን አየችና ቆመች።

ከዚያ ወዲህ አዴ ዳርሚ ደጃችንን አልረገጠችም። እማዬም አባዬን ፈርታ እስከ ፋሲካ ቆየች። የፋሲካ ለት አባዬ «እንኳን አደረሰን» እያለ ዶሮውን ሲያጣጥም፣ እሷ ድፎ ዳቦ በነጠላዋ ሸፍና ይቅርታ ልትጠይቅ ወጣች። ስትመለስ ዳቦው እንዳለ ነበር። ያቺ የቀረችው ላም ሞታ፣ አዴ ዳርሚ እኛ ቤተ ክርስቲያን ባደርንበት ሌሊት ልጆቿን ይዛ ወንድሟ ወዳለበት ወደ ሞያሌ ሄዳለች። ዝናቡ በሳምንቱ መጣ፤ ምን ዋጋ አለው! ይብላኝ ለእማዬ፣ ከዚያ በኋላ ሰላም የሚላት ጎረቤት ባታጣም፣ እንደዚያ ስትስቅ ሰምቻት አላውቅም።

አባዬ ሲያርፍ ሰባኪው ጾመኛነቱን አንስቶ አልጠግብ አለ፣ ለቀስተኛውም ራሱን እየነቀነቀ ያደምጥ ነበር። እማዬ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣ «እሱስ ጾመ፤ እኔን ግን ከሰው አስጾመኝ» አለችኝ።

ዛሬ እኔም እጾማለሁ፤ የተቀየምኩት አባቴን እንጂ እግዚአብሔርን አይደለም። በዚያ አጥር ቦታ የብሎኬት ግንብ ቆሟል፣ ማዶ የሚኖሩትንም በስም አላውቃቸውም፤ ለትንሿ ልጄ በሁዳዴ ወተት ከሱቅ ገዝቼ ሳጠጣት የሚቆጣኝ የለም። ያኔ የሚደፋ ነበረን፣ የሚያመጣም ነበረን። ዛሬ የሚደፋብን የለም፤ የሚያመጣልንም የለም።